አሰልጣኝም ባሕረ ሐሳብ ይማር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሁዳዴ በገባ ቁጥር አንድ ክርክር ይነሳል፤ ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ይረሳል። አንዱ «በባዶ ሆድ ሩጫ የለም፣ አትሌት ጾሙን ይተወው» ይላል። ሌላው «እምነት ያለው አይደክምም» ብሎ ይመልስለታል። በሰሜን ሸዋ ደጋና ቆላ ልጆች ለምናሠለጥን ሰዎች ሁለቱም መልስ ሜዳ ላይ አይጠቅምም። ልጁ ይጾማል። አሰልጣኙ ቢከለክለውም ተደብቆ ይጾማል፤ ተደብቆ የሚጾም ልጅ ደግሞ «ቁርስ በልቻለሁ» ብሎ ኢንተርቫል (በዕረፍት እየተቆራረጠ በፍጥነት የሚሮጥ ከባድ ልምምድ) ውስጥ ይገባል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ማን ይጹም፣ ማን ይፈታለት የሚለው የነፍስ አባቱ ወይም የሼኹ ጉዳይ ነው። የአሰልጣኙ ሥራ የልምምዱን ሰዓት፣ ክብደትና ምግብ ከጾሙ ጋር ማስማማት ነው። ይህን የሚያደርግ ግን በጣም ጥቂት ነው።

ነገሩ ከቀን መቁጠሪያ፣ ማለትም ጾምና በዓል ከሚሰላበት ከባሕረ ሐሳብ፣ ይጀምራል። የገና ጾም ኅዳር 15፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባሉ፤ እነዚህ ቦታቸውን አይለቁም። ሁዳዴ ግን ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ድረስ ይዘዋወራል፤ የሰኔ ጾምም እሱን ተከትሎ ይረዝማል፣ ያጥራል። የ2018ን ከ2019 ጋር ማስተያየት ይበቃል፤ በ2018 ሁዳዴ የካቲት 9 ገብቶ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይውላል፣ በ2019 የካቲት 29 ገብቶ ሚያዝያ 24። ሃያ ቀን ምን ያመጣል ለሚል ሰው የቦስተን ማራቶንን እንመልከት። ውድድሩ በፈረንጆች አፕሪል ሦስተኛ ሰኞ ነው። በ2018 ሚያዝያ 12 ላይ ስለሚያርፍ ሯጩ ፈስኮ ስምንት ቀን አግኝቷል። በ2019 ሚያዝያ 11 ላይ ሲያርፍ ለፋሲካ ገና 13 ቀን ይቀረዋል፤ ከባዱ የዝግጅት ወር ሁሉ ሁዳዴ ውስጥ ነው ማለት ነው። ያለፈውን ዓመት ፕሮግራም ቀኑን ብቻ ቀይሮ የሚሰጥ አሰልጣኝ ልጁን ሳያውቅ ጉድጓድ ውስጥ ይከተዋል። ረመዳንም በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ቀደም እያለ ይመጣል። የነሐሴ ታላላቅ ውድድሮችም ብዙ ጊዜ ከፍልሰታ ጋር ይገጥማሉ። ታምራት ቶላ የፓሪስን የኦሊምፒክ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ያሸነፈበት ዕለት ነሐሴ 4 ቀን 2016 ነበር፤ ፍልሰታ በገባ በአራተኛው ቀን። ማን ጾመ፣ ማን አልጾመም የየራሳቸው ጉዳይ ነው። ቀኑ ግን እዚያው ነበር፤ አሰልጣኝም ሊያውቀው ይገባል።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ፤ ብዙው ስሕተት የሚሠራው እዚህ ነው። የተለመደው የደብረ ብርሃን ጠዋት እንዲህ ነው፦ 12:30 ላይ ማሟሟቅ፣ ከዚያ 8 ጊዜ 1,000 ሜትር፣ 2:30 ላይ ማፍታታት። ልጁ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ከሆነ ከልምምዱ እስከ ምግቡ ከስድስት ሰዓት በላይ አለ። ከከባድ ሥራ በኋላ ጡንቻ ያለቀበትን ስኳር በፍጥነት የሚተካው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ነው፤ ያ ጊዜ በባዶ ሆድ ያልፋል። ውሃም አልተጠጣም። ማክሰኞ የሠራውን ሐሙስ ሲደግም ሦስተኛው ዙር ላይ እግሩ ይታሰራል። አሰልጣኙም «ጾሙ አደከመው» ወይም፣ ይባስ ብሎ፣ «ሰነፈ» ይላል። ልጁን የጣለው ከባዱ ሥራ ጠዋት መደረጉ ነው። ያው ልምምድ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ኖሮ ይወጣው ነበር።

ስለዚህ ጠዋት የሚሠራው ቀላል ሩጫ ብቻ ይሁን፤ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ፣ እያወሩ መሮጥ በሚቻልበት ፍጥነት። ከተማዋ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ ማሟሟቂያው ከ20 ደቂቃ አይነስ፤ ባዶ ሆድና ብርድ ሲገናኙ የመጀመሪያው ተጎጂ የባት ጡንቻ ነው። ከባዱ ሥራ በሳምንት ሁለቴ፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከ10:45 እስከ 12:00 ይደረግ። ረጅሙ ሩጫ ወደ ቅዳሜ ይምጣ። ቅዳሜና እሑድ ከቀዳም ስዑር በቀር የሰዓት ጾም የለባቸውም፤ ምግቡ የጾም ይሁን እንጂ ልጁ በመንገድ ላይ መጠጣት፣ እንደጨረሰም መብላት ይችላል። ረጅሙን ሩጫ እሑድ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው፤ ይህ ግን ቅዳሴ የቆመን ልጅ፣ በተለይ የሚቆርበውን፣ ሁለት ጊዜ ማድከም ነው። እሑድ ይረፍ። የመጀመሪያው የጾም ሳምንት ጠቅላላ ኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 20 በመቶ ይቀነስና ሰውነቱ ሲለምድ ይመለስ። እስከ 6 ሰዓት ብቻ ለሚጾመው ነገሩ ይቀልላል፤ ግን ከባዱ ሥራ ለእሱም ከሰዓት በኋላ ይሁን።

9 ሰዓት ላይ ምን ይበላ? ረሃብ የያዘው ልጅ ሁለት እንጀራ በሽሮ ጥርግ አድርጎ ሜዳ ይመጣል፤ 11 ሰዓት ላይ ቃር ይዞት ጎኑን ጨብጦ ይቆማል። ጥራጥሬና ዘይት ከሆድ ቶሎ አይወርዱም። ልምምድ ባለበት ቀን 9 ሰዓት ላይ ግማሽ ሊትር በሶ፣ አንድ ዳቦ ወይም ሁለት ቅቅል ድንች፣ ከዚያ ውሃ ይበቃል። በሶው አራት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ቁንጥር ጨው ይፈልጋል። ዱቄቱ መጀመሪያ በጥቂት ውሃ ይለወስና ከዚያ ይቅጠን፤ ውሃ በሞላ ጠርሙስ ውስጥ ዱቄት የሚጨምር ሰው የጓጎለ ነው የሚጠጣው፤ የጓጎለው ደግሞ ሲሮጥ ሆዱ ውስጥ ይንገላታል። ዋናው ምግብ ከልምምድ በኋላ ማታ 1 ሰዓት ላይ ይሁን፤ ከመኝታ በፊት ደግሞ ሌላ ትንሽ ነገር ይጨመርበት።

«የጾም ምግብ አቅም የለውም» የሚለው ወሬ በሒሳብ ይታይ። 60 ኪሎ የሚመዝን የረጅም ርቀት ሯጭ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ 1.4 ግራም ገደማ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ 84 ግራም ማለት ነው። ከ300 ግራም የጤፍ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ ወደ 35 ግራም ይሰጣል። 80 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 20፣ 80 ግራም የሽሮ ዱቄት ወደ 16፣ ሁለት እፍኝ የሽምብራ ቆሎ 10 ገደማ። እጁን ዘርግቶ ለውዝ ከጨመረበት ሞላ። እህልና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ አንዱ የጎደለውን ሌላው ስለሚሞላ ሽሮ በእንጀራ የድህነት ምግብ ነው የሚሉትን አትስሟቸው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አንደኛ፣ ጎመንና ቲማቲም በእንጀራ በልቶ «ጾም በላሁ» የሚል ሯጭ ፕሮቲኑን ግማሽ እንኳ አያገኝም። ሁለተኛ፣ የጾም ምግብ አሠሩ (ፋይበሩ) ብዙ ስለሆነ ጉልበት ሳይሞላ ሆድ ይሞላል፤ በሳምንት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚሮጥ ልጅ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ድንች፣ ዳቦ፣ የሱፍ ፍትፍትና በቂ ዘይት ካልገቡበት ክብደቱ ይወርዳል። ሦስተኛ፣ የሽሮው እህል ምንነት አይጠየቅም። ጓያ የበዛበት ሽሮ ለሁለትና ሦስት ወር ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ የሚያደርግ መርዝ አለው፤ ለእግሩ ለሚኖር ሰው ይህን ማሳሰብ አይበዛም። ሽሮው የአተር፣ የባቄላ ወይም የሽምብራ መሆኑን አረጋግጡ።

ደም ማነስ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ በተለይ ሴት ሯጮች ላይ ጾሙን ተከትሎ የሚታየው ድካም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው። ጤፍ ብዙ አይረን አለው ይባላል፤ ከዚያ ውስጥ ግን ብዙው ከአውድማ አፈር የተቀላቀለ ስለሆነ ሰውነት አይወስደውም። በእርሾ ሦስት ቀን በደንብ የቦካ ሊጥ አይረኑን ለመውሰድ ይረዳል፤ በአንድ ሌሊት ተቻኩሎ የተጋገረው እምብዛም ነው። ምስሩ ላይ ሎሚ ይጨመቅበት፣ ቃሪያ ይበላበት። ቡናው ግን ይዘግይ! ማዕድ ሳይነሳ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ከተባለ ከምግቡ የሚገኘው አይረን በቡናው ይታሰራል፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ሻይም ያው ነው። ሌላው ጉዳይ የላቦራቶሪ ወረቀቱ ነው። «ሄሞግሎቢን 12.3፣ ኖርማል» ተብሎ ይመጣል። ለሴት 12 የሚለው ወሰን ለባሕር ጠለል አካባቢ የተቀመጠ ነው፤ በ2,500 ሜትር ከፍታ ለሚኖር ሰው ከ1 ግራም በላይ ይጨመርበታል፤ ከዚያ በላይ ከፍታ ሲሆን ደግሞ ይበልጣል። በደብረ ብርሃንም ሆነ በመሐል ሜዳ ከተማ 12.3 የሆነች ልጅ ደሟ አንሷል። ከሁዳዴ በፊትና ከፋሲካ በኋላ ሄሞግሎቢንና ፌሪቲን (በሰውነት የተከማቸው አይረን መለኪያ) ቢለካ የብዙ ወር ግራ መጋባት ይቀራል። የወር አበባዋ ሦስት ወር የቀረ ልጅ ደግሞ «ስፖርተኛ ናትና ነው» ተብላ አትታለፍ፤ የምትበላው ከምትሠራው አንሷል፤ ሐኪም ይያት። ቫይታሚን ቢ12 ከእንስሳት ምግብ ብቻ የሚገኝ ቢሆንም ጉበት ለዓመታት ያከማቸዋል፤ በፍስክ ቀን እንቁላልና ወተት የሚያገኝ ልጅ በጾም አይጎዳም። የሚያሰጋው በፍስኩም ሽሮ ብቻ የሚበላው ነው፤ ያ ደግሞ የኪስ ነገር ነው።

ስግደትን እንደ ልምምድ የሚቆጥር አሰልጣኝ አላጋጠመንም፤ መቆጠር ግን አለበት። ቆሞ፣ ጉልበት አጥፎ፣ እጅና ግንባር መሬት አስነክቶ መነሳት ከስኳት (ቁጢጥ ብሎ ከመነሳት ልምምድ) አይለይም፤ በመውረዱ ላይ የጭን የፊት ጡንቻ እየተሳበ ክብደት ይሸከማል። ጡንቻን ብዙ የሚያሳምመው እንዲህ ያለው የመውረድ ሥራ ነው፤ ሕመሙም ወዲያው ሳይሆን በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል። ስቅለት ዓርብ በመቶ የሚቆጠር ስግደት የሰገደ ልጅ ቅዳሜ ደህና ነኝ ብሎ እሑድና ሰኞ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። ማክሰኞ ፍጥነት ያዘዘ አሰልጣኝ የጭን ጡንቻ ቢበጠስ ጥፋቱ የራሱ ነው። የሚገርመው፣ ከሁዳዴ መግቢያ ጀምሮ በየቀኑ 41 ኪርያላይሶን እያለ የሰገደው ልጅ በስቅለት ብዙም አይታመምም። ጡንቻ አንዴ የለመደውን ሥራ ሲደገምበት አይጎዳም። ዓመቱን ሙሉ ሳይሰግድ ቆይቶ በአንድ ቀን ለመጨረስ የሚሞክረው ነው የሚያነክሰው፤ ንስሐ አባቶችም ይህንኑ በሌላ መንገድ ይሉታል። ለጉልበት ከበታች ወፍራም ነጠላ ወይም ስጋጃ ይነጠፍ። ተጎንብሶ የቆየ ጾመኛ ቀና ሲል ዓይኑ ይጨልማል፤ ቀስ ብሎ ይነሳ። ስግደት የበዛበት ቀን በማኅደሩ ላይ እንደ እግር ጉልበት ልምምድ ይመዝገብ፤ በማግሥቱ ዝላይም ዳገትም የለም። በበዓለ ሃምሳ ስግደት ስለማይኖር የዳገትና የክብደት ሥራ ለመጨመር ያ ወቅት የተመቸ ነው።

ሱባዔም እንዲሁ ነው። ወደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ሄዶ ሰባት ቀን ቆሎ እየቆረጠመ ጸበል እየጠጣ የቆየ ልጅ ሲመለስ ነፍሱ ቀልሎለት፣ ልቡም ለሩጫ ጓጉቶ ነው፤ ሰውነቱ ግን ባዶ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን ይብላ፣ ይራመድ፤ ሦስተኛውና አራተኛው ቀን 30 ደቂቃ ቀላል ሩጫ፣ ከሳምንት በኋላ ብቻ ፍጥነት። በባዶ ሆድ ብዙ ጸበል ጠጥቶ ያስታወከ ሰው ውሃ ብቻ ሳይሆን ጨውም ጎድሎበታል፤ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ቀስ እያለ ይጠጣ። ጨውና ስኳሩ በግምት አይሁን፤ ጨው ቢበዛ ይጎዳል። ማኅሌት የቆመ ልጅም በማግሥቱ ኢንተርቫል አይታዘዝለት። እንቅልፍ ያጣ እግር የት እንደሚረግጥ አያውቅም።

ጣርማበርን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ስትደርሱ ጉዳዩ ሙቀት ይሆናል፤ በረመዳን ውሃም የለም። ፈጣሪው ለታመመና ለመንገደኛ ፈቅዷል፤ የቤት ሜዳ ላይ ያለ ልጅ ግን እንደሚጾም እንቁጠር። ሱሑር (የሌሊቱ ምግብ) እስከ ሱብሒ (የንጋት ሶላት) ተጠግቶ ይበላ። ከሱብሒ በኋላ ከባድ ልምምድ ማዘዝ ቀኑን ሙሉ ማድረቅ ነው። ልምምዱ መግሪብ (የጀምበር መጥለቂያ ሶላት) ከመድረሱ 45 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይጀመር፤ አዛኑ ልጁ ማፍታታት ላይ ሲደርስ ይያዘው። በሦስት ቴምርና በግማሽ ሊትር ውሃ ያፍጥር፣ ይስገድ፣ ከዚያ ሾርባ ይጠጣ፤ ሳምቡሳው ኋላ ይምጣ፣ ቅባቱ ሆድ ላይ ይቀመጣልና። እስኪተኛ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ውሃ። አንድ ጊዜ ሁለት ሊትር የሚገለብጠው ሌሊቱን ሽንት ቤት ሲመላለስ ያድራል እንጂ ውሃው አይቀመጥለትም። ከተራዊሕ (የረመዳን የሌሊት ሶላት) በኋላ የክብደት ሥራ ይቻላል፤ በጨለማ መንገድ ላይ መሮጥ ግን ለመኪናም ለጅብም ስለሚያጋልጥ አንመክርም።

አንድ ቡድን ውስጥ ሁለቱም ጾመኞች ሲኖሩ፣ በ2018 የካቲት ሁለቱ ጾሞች በጥቂት ቀናት ልዩነት እንደገቡት ሲሆን፣ አሰልጣኞች ቡድኑን ለሁለት ይከፍሉታል። አያስፈልግም። ከሰዓት በኋላ ከ10:45 ጀምሮ እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ ለሁለቱም ይሆናል፤ የሁዳዴ ጾመኛው 9 ሰዓት ላይ በሶውን ጠጥቶ መጥቷል፣ የረመዳን ጾመኛው ደግሞ ልምምዱ ሲያልቅ ያፈጥራል። ለረመዳን ጾመኛው የዙሩ ቁጥር በሢሶ ይቀነስለት፣ በመካከሉ ያለው ዕረፍት ይርዘም። አብረው ሲሠሩ የቆዩ ልጆች አብረው ቢቆዩ ለቡድኑም ይበጃል።

የሁሉም መቆጣጠሪያ ሚዛን ነው፤ ዋጋው ከአንድ የሩጫ ጫማ አይበልጥም። ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ በተመሳሳይ ልብስ ይመዘን። 60 ኪሎው ልጅ በአንድ ሌሊት ከ1.2 ኪሎ በላይ ከቀነሰ ውሃ ጎድሎታል፤ የዚያ ቀን ሥራ ቀላል ይሁን። በልምምድ ላይ ለጠፋው አንድ ኪሎ ከአንድ ሊትር ከሩብ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይተካ። ክብደቱ በሦስት ሳምንት ቀስ እያለ የወረደ ከሆነ ምግብ አንሷል። ገና ሳይነሳ አልጋ ላይ የተቆጠረ የልብ ምት ከወትሮው በ7 ወይም በ10 ከፍ ካለ ልምምዱ ይቀነስ። «ሽንትህ ምን ይመስላል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የጠቆረ ሻይ ከመሰለ መልሱ እሱ ነው።

ፋሲካም የራሱ ወጥመድ አለው። 55 ቀን ቅባት ያልለመደ ሆድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዶሮ ወጥ በቅቤ፣ ጠዋት ጥሬ ሥጋ፣ ከሰዓት በኋላ ጠላና ወተት ሲደርሱበት እስከ ማክሰኞ አይረጋም። አክፍሎት የያዘ፣ ማለትም እስከ ትንሣኤ ሌሊት ምንም ሳይቀምስ የቆየ፣ ልጅማ ይብስበታል። እናቶች ተልባ አስቀድመው የሚያጠጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ተልባው ይጠጣ፣ ዶሮው በጥቂቱ ይቀመስ፣ ወተቱ ለሁለት ቀን ይቆይ፣ ጥሬ ሥጋው ኮሶ ሊኖርበት ይችላልና ጨርሶ ይቅር። ሩጫው ማክሰኞ በ30 ደቂቃ ይጀመር፣ ፍጥነት ከሐሙስ በፊት አይታሰብ። በዚያ ሳምንት ውድድር የሚያዘጋጁ ክፍሎች ቀኑን በአሥር ቀን ቢገፉት ለተመልካችም ደስ ይላል፤ በጉልበት እንጂ በሆድ ሕመም ተሸናፊ አያዩም።

ለጋዜጣችሁ አንድ ጥያቄ አለን። በመስከረም የዓመቱን የውድድር መርሐ ግብር ስታወጡ፣ ከጎኑ የነነዌን፣ የሁዳዴን፣ የሰኔን ጾምና የረመዳንን መግቢያ ቀን በአንድ ሠንጠረዥ ብታትሙት ብዙ አሰልጣኝ ቆርጦ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል።

ከሰላምታ ጋር፣
የሰሜን ሸዋ የአትሌቲክስ አሰልጣኞች
ደብረ ብርሃን